የአፈር ትንፋሽ የዝናቡን መጠን ብቻ አይከተልም

ስለ አፈር ትንፋሽ፣ ማለትም አፈር ስለሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሚያወራ አንድ ጽሑፍ «ዝናብ በጨመረ ቁጥር አፈሩ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል» ይላል። እንደ ወሎው ቆቦ ሜዳ ላለ ደረቅ አገር ግን ከመጠኑ ይልቅ ከዝናቡ በፊት የነበረው ድርቀት ይበልጥ ይወስናል። ደርቆ የከረመ መሬት የበልግ ካፊያ ሲያርፍበት ደቂቅ ተሕዋስያን በሰዓታት ውስጥ ነቅተው በድርቁ የሞቱትንና ከጓሉ የተፈታውን ብስባሽ ይበላሉ። ትንፋሹ ሽቅብ ወጥቶ በጥቂት ቀናት ይረግባል። በርች የተባለ ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ውስጥ ያሳየው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ቶሎ ከተከተለ ያን ያህል አያስተነፍስም፤ በቀላሉ የሚበላው አልቋልና። ክረምት ላይ ደግሞ ዋልካው (ጥቁሩ የሸክላ አፈር) ውሃ ሲቋጥር አየር ስለሚያጥር ትንፋሹ ጭራሽ ይወርዳል።

ለመለካት ለምትሞክሩ፦ ጋዙ የሚለካበትን፣ አፈር ውስጥ የሚተከለውን ቀለበት ከመለካታችሁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ትከሉት፤ ወዲያው ከተለካ ቁፋሮው የለቀቀው ጋዝ ይቀላቀላል። ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ለሆነ ክብ ቀለበት 10 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 314 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው፤ በዝግታ ይርከፍከፍ፣ አለበለዚያ ዋልካ ከሆነ በስንጥቁ ሾልኮ ይጠፋል። ከማጠጣት በፊት፣ ከዚያም በ1፣ በ6፣ በ24 እና በ48 ሰዓት ለኩ። በሳምንት አንዴ የሚለካ ሰው ዋናው ያመልጠዋል። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ግን ጋዙ ሁሉ የተሕዋስያን እንዳይመስላችሁ፤ ከኖራውም ይወጣል።