ይሄን ዘፈን ማን ሰጠሽ?

ቶሮንቶ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ስልኬ 30 ዘፈን መርጦ ይጠብቀኛል። የሙዚቃ መተግበሪያው ስፖቲፋይ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የሰማሁትን፣ ሳልጨርስ ያለፍኩትን፣ ደጋግሜ የከፈትኩትን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። የእኔ ዓይነት ጆሮ ያላቸው ሰዎች ምን እንደሚሰሙ ያያል። ከዚያ ይመርጥልኛል። ብዙ ጊዜ ምርጫው ጥሩ ነው። የማሊ ጊታር፣ የብራዚል ሳምባ፣ ስሙን ሰምቼ የማላውቀው የኩባ ዘፋኝ ያመጣልኛል። ካናዳ ከመጣሁ ወዲህ የሙዚቃ ጆሮዬ የሰፋው በዚህ መንገድ ነው፤ ውለታውን አልክድም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ከእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ከሰው ጋር የሰማሁት የለም። ባቡር ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች፣ እኔም ሰክቻለሁ። ጭንቅላቷን ስትነቀንቅ አያታለሁ። ምን እየሰማች እንደሆነ ብጠይቃት ትደነግጣለች። መሥሪያ ቤትም እንደዚያው ነው። ሁሉም የየራሱን ይሰማል፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ድሬ ዳዋ ላይ ዘፈን ሰው አለው። አዲስ ነገር ከፍተሽ ከተሰማሽ፣ ከዘፋኙ ስም በፊት የምትጠየቂው «ይሄን ማን ሰጠሽ?» ተብሎ ነው። ሰጪው ከታወቀ ጨዋታው ተጀመረ። እሱስ ከማን አገኘው? ከጅቡቲ ከመጣች እህቱ ነው ወይስ ቀፊራ ገበያ ፍላሽ ላይ ዘፈን ከሚጭነው ልጅ? በርጫ ላይ ከሆነማ ክርክሩ እስከ ማታ ይዘልቃል። አንዱ የሱዳን ያስከፍታል፣ ሌላው «ይሄ እኮ ከዚያኛው የተወሰደ ዜማ ነው» ብሎ የአረብ ያስከፍታል። ዕድሜ ለባቡሩ፣ ከተማዋ ስትቆረቆር ጀምሮ መንገደኛ ያልተለያት ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ ሲደርስ ዕቃ ብቻ አላመጣም። ዓረብ፣ ሕንድ፣ ግሪክ፣ አርመን ሁሉ ዜማውን ይዞ ነው የመጣው።

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ ከድሬ ወደ ሐረር የተሳፈርኩበትን ሚኒባስ ልንገራችሁ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ደንገጎን ሲወጡ ጥምዝምዙ ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ከኋላ እየቀረ ንፋሱ ይቀዘቅዛል። ሹፌሩ ፍላሹን ሰክቶ በአሊ ቢራ ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰው «አቦ ከፍ አድርገው!» አለ። ከፍ ተደረገ። ቀጥሎ የሂንዲ ዘፈን መጣ። ፊት ለፊቴ ዘንቢል እግራቸው ሥር ያስቀመጡ እናት ቃል በቃል አብረው መዝፈን ጀመሩ። ሂንዲ ይችሉ እንደሆነ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ላታ ናት እኮ ልጄ! ቋንቋውን ማን ያውቃል፣ እኛ ሲኒማ ቤት እያለቀስን ነው የተማርነው» አሉኝ። የሕንዷን ዘፋኝ የላታ ማንጌሽካርን ሞት እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ሁሉ ዘግቦት ነበር። እኔ ግን ያቺ ሴት ለምሥራቅ ኢትዮጵያ እናቶች ምን እንደነበረች የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ከዚያ አንዲት ሶማሊ ወይዘሮ የራሷን ዘፈን ፈለገች። ፍላሹ ላይ የለም። ስልኳን ለረዳቱ ሰጠችው፣ በብሉቱዝ አገናኘላት። ኡዱን፣ እነሱ ካባን የሚሉትን፣ የያዘ ቀስ ያለ ዜማ ነበር። መኪናው ጸጥ አለ። እሷ ስትጨርስ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትሄድ ተማሪ ተራዋን ጠየቀችና የሮፍናንን ከፈተች። ከኋላ ያለው ሰውዬ አልወደደውም። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ማሽን ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለ። ልጅቷ አልተቆጣችም። ዞር ብላ አስረዳችው። «ምቱን ስማው። ከበሮው የአገር ቤት ነው፣ የተሠራው ግን በኮምፒውተር ነው። ሁለተኛ ክፈተውና እሱን ብቻ ስማ» አለችው። ሁለተኛ ተከፈተ። ሐረማያ ስንደርስ ሰውየው በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ነበር። አወዳይ ላይ ጫት ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡት ሁሉም ወደ ግዢው ዞረ፤ እኔ ግን የዘፈኖቹን ስም ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነበር።

ያቺ ልጅ ያደረገችውን ማሽን አያደርገውም። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ካለፍኩ፣ አልወደደችውም ብሎ ሌላ ያመጣል። ዘፈኑ ተሰማ ተብሎ የሚቆጠረውም 30 ሰከንድ ከሄደ በኋላ ነው። ዞር ብሎ «ቆይ፣ ከበሮውን ስሚው» የሚለኝ የለም። የማልወደውን ዘፈን እንድወደው የሚከራከረኝ ሰው ነው። የምወዳቸውን ብዙዎቹን ዘፈኖች ያገኘሁት በመጀመሪያው ቀን ጠልቻቸው ነው።

አሊ ቢራን ካነሳሁ አይቀር፣ እሱ የሁለቱም አገሬ ሰው ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬ ዳዋ ነው፤ ገንደ ቆሬ። ስሙ አሊ መሐመድ ሙሳ ነበር። ቢራ የሚለውን ያወጣለት የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍረን ቀሎ የሚባለው የወጣቶች ቡድን ድሬ ላይ ሲቋቋም ገና ልጅ ሆኖ ገባ። ኦሮምኛ ዘፈን እንደልብ በአደባባይ በማይሰማበት ዘመን እነዚህ ልጆች ሠርግ ለሠርግ እየዞሩ ይዘፍኑ ነበር። እሱ በኦሮምኛ ብቻ አልቀረም። በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም ዘፍኗል። በኋላ ተሰዶ ካናዳም ኖሯል። ቶሮንቶ ውስጥ ሠርግ ላይ የሱ ዘፈን ሲከፈት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ ያመሹ አዛውንቶች ይነሳሉ። ኅዳር 2022 በፈረንጆቹ ሲያርፍ የተቀበረው ድሬ ነው።

አሁን ደግሞ ውጭ አገር የሰጠኝን ልናገር። ጎረቤቴን ያወቅሁት እዚህ ነው። ሀርጌሳ ለድሬ ቅርብ ናት። ጅቡቲም በሐዲዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ግን የእነሱን የድሮ ሙዚቃ በደንብ የሰማሁት ውቅያኖስ ተሻግሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሀርጌሳን በአየር ሲደበድብ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች የዘፈን ክሮቹን አሽሽተው መሬት ውስጥ ቀብረው ነበር። ከቦምቡ ያዳኑት በዚህ ነው። ከእነዚህና ከሌሎች የሶማሊ ክሮች ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ስብስብ ወጣ፤ ለግራሚ ሽልማትም ታጨ። እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። ሰዎቹ ዘፈን ለማዳን ያደረጉትን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

ያንን ስብስብ ስልኬ ላይ ይዤ ድሬ ስሄድ፣ መጋላ አካባቢ ለእናቴ የድሮ ጎረቤት አሰማኋቸው። ሶማሊ ናቸው፤ እኛ አዴ እያልን ነው ያደግነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የቡና ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። ከዚያ ስንኝ በስንኝ ወደ አማርኛ መለሱልኝ። ማታ ማታ ሬዲዮ ዙሪያ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር፣ ማን በዚያ ዘፈን ምክንያት እንደታጨች ነገሩኝ። ከስብስቡ ጋር የወጣው ጽሑፍ ታሪኩን በደንብ ጽፎታል። የአዴን ወሬ ግን የጻፈው የለም። ልጆቻቸው እንኳ ያን ቀን ነው የሰሙት።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ሳልደብቅ ልናገር። የእኛን የድሮ ሙዚቃ እየፈለጉ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ የውጭ ሰዎች ናቸው። አመሰግናቸዋለሁ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮፒክስ የሚባለውን ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ባይጀምር፣ ብዙ የወርቃማው ዘመን ሸክላ ዛሬ ዓለም ላይ አይሰማም ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሙላቱ አስታጥቄን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ወደ መድረክ መለሰው። ሸክላ ራሱ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሲዲ 33 ሚሊዮን ነበር። ከ1987 ወዲህ ሸክላ ሲዲን በቁጥር ሲበልጥ የመጀመሪያው ነው። ቶሮንቶ የሙዚቃ ቤት ውስጥ የእኛ ሰው ሸክላ ተሸፍኖ፣ ተከብሮ፣ ዋጋው ተለጥፎበት አያለሁ።

አጎቴ ቤት ደግሞ ካሴቶቹ አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ናቸው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የአንዳንዶቹ ፕላስቲክ ተጣሟል። የአንዳንዶቹ ክር ተላቆ ተቆላልፏል። አጎቴ አንዱን አንስቶ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያለ አጠነጠነው። ባለ 90 ደቂቃ ሶኒ ነው። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ከጅቡቲ፣ ጎን ሀ» ይላል። ቴፑ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የመጣው ዘፈን አልነበረም። የሟች ወንድሙ ድምፅ ነው። ባቡር ላይ ሲሠራ ከጅቡቲ ቀድቶ የላከው ካሴት ነው። ለቤተሰቡ ሰላምታ ያቀርባል፣ እናቱን ስለ ወገባቸው ይጠይቃል፣ ከዚያ «አሁን የምትሰሙት እዚህ ሁሉም የሚሰማው ነው፣ በተለይ ለአንተ ነው የቀዳሁት» ይልና ዘፈኑ ይጀምራል። በየሁለት ዘፈኑ መካከል ይመለሳል። አጎቴ አቀርቅሮ ነው የሰማው። እኔ በስልኬ ቀዳሁት። ቀድቼ ስጨርስ «አብሽር» አልኩት፣ «አሁን አይጠፋም።»

እንዲህ ያለ ካርቶን ድሬም ሐረርም ስንት ቤት አለ? ሐረር ጁገል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየም አለ። አብዱላሂ ሸሪፍ ከመጻሕፍቱና ከቅርሱ ጋር የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችንም ሰብስበዋል። አንድ ሰው በራሱ ተነሳሽነት የሠራው ሥራ ነው። ሄዳችሁ እዩት። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ግን ሌላ ነው። «ትራክ 07»፣ «ቆየት ያለ ሐረሪ»፣ «ምርጥ የድሮ»። ዘፋኙ የለም፣ ዓመቱ የለም፣ ማን እንደቀዳው አይታወቅም። ዘፈን በነጻ መላክ ቀላል ሆኗል፤ ስሙን መጻፍ ግን አንድ ደቂቃ ስለሚወስድ እንተወዋለን። ይሄ ያናድደኛል። ወጣቶቹም ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጠው እንደ ቶሮንቶዎቹ በየጆሯቸው ሰክተው አይቻለሁ። ያ የሚኒባስ ወግ ዘላለም ይኖራል ብዬ አላምንም።

በስልክ የማይላክም አለ። ሐረር ጓደኛዬ ቤት ሠርግ ላይ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር ሴቶች ነደባው፣ ከፍ ያለው የቤቱ መቀመጫ፣ ላይ ተደርድረው ሲዘፍኑ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዚክሪ፣ ሃይማኖታዊው ዜማ፣ ሲሆን ከራቡው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚሉት እንጨት ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የመዘገበው የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓልም ያለ ዚክሪ አይሆንም። እዚያ አድማጭ ብቻ ሆኖ መቀመጥ አይቻልም። እኔንም ቋንቋውን ሳልችል እጄን ይዘው አስጨበጨቡኝ።

ከአክስቴ ልጅ ጋር አሁን አንድ ነገር ጀምረናል። ዘፈን ስንላላክ አንድ የድሮና አንድ አዲስ እናደርጋለን። ከእያንዳንዱ ጋር በድምፅ መልእክት ከማን እንዳገኘነውና የቱን ቦታ ማዳመጥ እንዳለባት ወይም እንዳለብኝ እንናገራለን። ለሷ የጅቡቲ ሬዲዮ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን ላክሁላት፤ ሳክስፎኑን ወደደችው። እሷ ደግሞ ከአጎቴ ካርቶን አንድ ካሴት ቀድታ ላከችልኝ። የሐረሪ የሠርግ ዘፈን ይመስላል። መሪዋ ሴት ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ወንድ ከሩቅ ይስቃል፣ ከዚያ ሁሉም ይስቃሉ፣ ግን ከበሮው አይቋረጥም። ካሴቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ አጎቴም ስሟን አያውቅም። ከሐረር ሰው የምታውቋት ካላችሁ ንገሩኝ። ስሟን ወረቀቱ ላይ እንዲጽፍበት ለአጎቴ እነግረዋለሁ።