ቀጥ ያለ መስመር በኤሌክትሪክ አይነሳም

ዛሬስ ልናገረው፣ ሆዴ ሞልቷል። የልብ ቀዶ ሕክምና የምታሳዩ የድራማ ሠሪዎች፣ በፈጠራችሁ አምላክ፣ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ባለሙያ እንኳን ትጠይቃላችሁ? የምሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ልቡ የተጠገነ ሰው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ የምንረከበው እኛ ነርሶች ነን። እናንተ ትዕይንታችሁን ቀርፃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ያሳያችሁት ነገር ግን ከቤተሰቡ ጋር እኛ ዘንድ ይመጣል፣ መልስ ስጡ የምንባለውም እኛ ነን።

ሁልጊዜ የምትደግሙትን ትዕይንት እንይ። ሞኒተሩ ይጮሃል፣ የልብ ምቱ መስመር ቀጥ ይላል። ሐኪሙ የዲፊብሪሌተሩን፣ ማለትም ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ሁለት መያዣዎች አንስቶ "ዞር በሉ!" ይላል፣ የታማሚው ገላ ከአልጋው ይዘላል፣ ልቡ መምታት ይጀምራል። ወገን፣ ይሄ ፈጽሞ ውሸት ነው! የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው ልብ ሥርዓት አጥቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም የታችኛው የልብ ክፍል ከመጠን በላይ ፈጥኖ ደም መርጨት ሲያቅተው ነው። የንዝረቱ ሥራ ያንን ትርምስ ባንዴ ጸጥ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ልብ በራሱ ሥርዓት ለመነሳት ዕድል ያገኛል። መስመሩ ቀጥ ካለ ግን ጸጥ የሚደረግ ምን ትርምስ አለ? በአብዛኛው የሚሠራው ደረትን መጫን ነው፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ለአዋቂ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። አድሬናሊን ይሰጣል፣ ልቡን ያቆመው ምክንያት ይፈለጋል። የጎድን አጥንት ሲሰበር እጅህ ይሰማዋል። የሚጫነው ሰው ስለሚዝል በየ2 ደቂቃው ይቀያየራል። የእናንተ ተዋናይ ግን ክርኑን አጥፎ ደረቱን ዳበስ ዳበስ ያደርገዋል። ጤነኛ ሰው ላይ በሙሉ ጉልበት መጫን እንደማይቻል ይገባኛል። የማሠልጠኛ አሻንጉሊት ግን አለ፤ ካሜራውንም ማዞር ይቻላል።

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይለያል፣ ይሄን ያሳየ ድራማ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ቀዶ ሐኪሙ ደረቱን ከመዝጋቱ በፊት ብዙ ጊዜ ቀጫጭን ሽቦዎች ልቡ ላይ ሰፍቶ ጫፋቸውን በቆዳ በኩል ያወጣል። ምቱ ከጠፋ እነዚያን ሽቦዎች ከትንሽ ፔስሜከር ጋር እናያይዛለን፣ ምቱን መሣሪያው ይሰጣል። ልቡ በዚህም በሌላውም ካልተመለሰ እዚያው አልጋው ላይ ደረቱ እንደገና ይከፈታል፤ ይህም በ5 ደቂቃ ውስጥ እንዲሆን ነው የምንሠለጥነው። የመሣሪያው ጥቅል፣ የደረት አጥንቱን ያሰረውን ሽቦ ከሚቆርጠው መቁረጫ ጋር፣ በቅርብ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ድራማ ፈልጋችሁ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ?

አንድ አባት ልቡ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ስንታገል ቆየን። ሐኪሞቹ ይብቃ ሲሉ ልጁ በሩ ላይ ሆኖ "ሲስተር፣ ኤሌክትሪኩን ለምን አትሰጡትም? ለምን ትተዉታላችሁ?" እያለ ጮኸ። መስመሩን በጣቱ እያሳየኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ስለ ልብ ሥርዓት ማስረዳት የሚችል አፍ ከየት ይመጣል? አባቱን ልናድነው ስንችል እንደተውነው አምኖ ሄደ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ይሄን እምነት ከየት አመጣው? እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት የአሜሪካን የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ተከታትሎ ነበር። ልባቸው ቆሞ ነፍስ የማዳን ሥራ ከተሠራላቸው ገጸ ባሕርያት 67 በመቶው ድነው ከሆስፒታል የሚወጡ ይመስላሉ። በእውነተኛው ዓለም ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ከቆመ አዋቂ፣ ሕክምናው በደረጀበት አገር እንኳን፣ በሕይወት የሚወጣው ከ4 ወይም ከ5 አንዱ ያህል ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ልመለስ። ፊታቸው እንዲታይ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው በተከፈተ ደረት ላይ ያወራሉ፤ ይሄን እንኳን ልለፈው። የማልችለው ፐርፊዩዥኒስቱን መሰረዛችሁን ነው። ልብ ቆሞ ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ የታማሚውን ደም ከሰውነቱ ተቀብሎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልሰውን ማሽን የሚነዳው ባለሙያ ነው። ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. የአንዲት የ18 ዓመት ወጣትን ልብ ሲጠግን ማሽኑ ለ26 ደቂቃ ያህል የልቧንና የሳንባዋን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሠራላት፤ የዛሬው የልብ ቀዶ ሕክምና የቆመው በዚያ ላይ ነው። እናንተ ዘንድ ግን ማሽኑም ሰውየውም የሉም፤ አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻውን ሁሉን ይጮኻል።

እውነተኛውን ቅደም ተከተል ብታዩት! መጀመሪያ ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፣ መሥራቱ ተለክቶ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ታማሚው ወደ ማሽኑ ይተላለፋል። ከዚያ ዋናው የደም ቧንቧ ተቆንጥጦ ፖታሺየም የበዛበት፣ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ የሆነ ፈሳሽ ወደ ልብ ይላካል፤ ልብም ቀስ እያለ ይቆማል። መስመሩ ቀጥ ይላል፣ ማንም አይደነግጥም፣ የተፈለገው እሱ ነውና። ከፀጉር የቀጠነ ክር የሚሰፋው ያኔ ነው። ጭንቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፦ መቆንጠጫው ይፈታል፣ ደም ወደ ልብ ይመለሳል፣ ሁሉም ዓይኑን ልቡ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ማንኪያ በሚመስሉ መያዣዎች ልቡ ራሱ ላይ ከ10 እስከ 20 ጁል የሚሆን ትንሽ ንዝረት ይሰጣል። ፐርፊዩዥኒስቱ የማሽኑን ፍሰት በጥቂት በጥቂቱ ሲቀንስ፣ ሰመመን ሰጪው ግፊቱን ይከታተላል፤ ልቡ ሸክሙን ይረከብ ይሆን? ይሄን ፀጥታ ያለ ሙዚቃ ብታሳዩት ተመልካች ትንፋሹን ይይዛል፣ እመኑኝ።

ቀጥሎ የምታሳዩት ትዕይንት ነው ደግሞ እኔን በቀጥታ የሚያገኘኝ። ታማሚው ዓይኑን ይገልጣል፣ ፊቱ ወዘና አለው፣ ለፍቅረኛው "እወድሻለሁ" ይላታል። እኛ ዘንድ ግን ታማሚው ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ አለ፣ በማሽን ነው የሚተነፍሰው፣ መናገር አይችልም። ቱቦው ነገሩ ደህና ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። ከደረቱ ሥር ደም የሚያስወጡ ሌሎች ቱቦዎች አሉ። ፊቱ ሊያብጥ ይችላል። ሌሊቱን ሊቃዥ፣ የገዛ ሚስቱን ላያውቃት ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ሲያስለው ትራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ እንዲይዝ እናስተምረዋለን፣ በመጋዝ የተከፈተው አጥንት በሽቦ ነው የተያያዘውና። እስኪገጥም ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው።

ይሄን ማንም ስላላሳያቸው ቤተሰቦች ገብተው ሲያዩት ያለቅሳሉ። አንዷ ልጅ አባቷን አይታ "ቀዶ ጥገናው አልተሳካም ማለት ነው?" አለችኝ። ተሳክቶ ነበር፤ እንዲያውም ከጠበቅነው በላይ። ያቺ ልጅ በማታውቀው ነገር የደነገጠችበት ደቂቃ በእናንተ አንድ ትዕይንት ሊቀር ይችል ነበር።

እባካችሁ፣ የሚቀጥለውን ስትጽፉ አንድ ፐርፊዩዥኒስትና አንድ የጽኑ ሕሙማን ነርስ አስቀምጣችሁ ጠይቁ፣ ደስ ብሎን ነው የምንነግራችሁ። ቱቦውን አሳዩ። ተዋናዩ የግድ ፍቅሩን መናገር ካለበትም ትዕይንቱን ወደ ሦስተኛው ቀን አሸጋግሩት፤ ያኔ ድምፁ ሻካራ ይሁን እንጂ ይናገራል።