ይድረስ ሆዱ ለተነፋው የአናናስ ጣሳ

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ስላልከፈትኩዎት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የተዋወቅነው ለልጄ ልደት ዋዜማ ነው። ፍራፍሬ ሰላጣው ላይ ጣል ላደርግዎት አስቤ ከሰፈራችን ሱቅ ገዛሁዎት። ቤት ገብቼ ክዳንዎን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው «ጠቅ» ብሎ ገባ። ጣቴን ሳነሳ «ጠቅ» ብሎ ተመለሰ። የዋጋዋን ወረቀት በጥፍሬ ስፍቃት ዕድሜዎ ብቅ አለ፤ መጠቀሚያ ጊዜዎ 12/2025 አብቅቷል።

ይዤዎት ተመለስኩ። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየኝ። «እናትዬ፣ ገና 2018 ላይ እኮ ነን። ሰባት ዓመት ይቀረዋል!»

«ሆዱስ?» ስለው፣ «አየር ነው» አለኝ።

አልዋሸም። አንዳንዴ ባክቴሪያ ወይም እርሾ ውስጥ ገብቶ ሲያብላላ የሚያወጣው ጋዝ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የፍሬው አሲድ ቆርቆሮውን እየበላ ሃይድሮጅን ያመነጫል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ቀምሼ ላጣራ አልደፈርኩም።

አሜሪካ ቢሆኑ ጉድ ፈልቶብዎት ነበር። እዚያ ከ1906ቱ የምግብ ሕግ ጀምሮ (በፈረንጅ ነው፣ ባለሱቃችን እንዳይደናገር) መንግሥት የተበላሸ ምግብ ሲይዝ የሚከሰው ምግቡን ራሱን ነው። ተከሳሽ ተብሎ የሚጻፈው ይህን ያህል ካርቶን፣ ይህን ያህል ጣሳ ነው። ቦሪክ አሲድ የሚባል ጎጂ ማቆያ ኬሚካል የገባባቸው 50 ጣሳ እንቁላሎች ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ በ1911 ተፈርዶባቸዋል።

እኛም ጋ ሕግ አልጠፋም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው።) በእኔና በእርስዎ ችሎት ግን ተከሳሿ እኔ ሆንኩ። «ደረሰኝ አለሽ? ጥለሽው ይሆናላ! ፀሐይ ላይ አውለሽውስ ቢሆን?» እርስዎ ባንኮኒው ላይ ሆድዎን ገፍተው፣ እንደ ዳኛ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። መጨረሻ ላይ በሁለት ፓስታ ታረቅን። ልጄም ልደቷን በሙዝ አከበረች።

ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ አየሁዎት። አቧራዎ ተጠርጎ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ዕድሜዎ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ሃያ ብር ጨምረዋል።

አክባሪዎ፣
የቀድሞ ደንበኛዎ