ጎበዝ ፕሮግራመር ኮድ የሸመደደ አይደለም

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ «ጎበዝ ፕሮግራመር ኮዱን በቃሉ ይይዛል፣ መመሪያ እያየ የሚጽፍ ገና ተማሪ ነው» ያሉት ግን መታረም አለበት። ኮምቦልቻ ስማር እኔም እንዲሁ አምን ነበር። ፈተናው በወረቀት ነበርና አንዲት ሴሚኮለን (;) ከተረሳች ማርክ ትቀነሳለች።

ዛሬ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። በቀደም አንዱ ልጅ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ 7ን ለ2 አካፍሎ 3 ጠበቀ፤ ከታላቅ ወንድሙ የወረሰው ደብተር እንደዚያ ይላል። ኮምፒውተሩ 3.5 አለው። ልጁ ማሽኑን ተጠራጠረ እንጂ ደብተሩን አልጠረጠረም! ደብተሩም አልዋሸም፤ «ፓይተን 2» በሚባለው የቀድሞ የቋንቋው እትም ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ውጤቱ ወደ ታችኛው ሙሉ ቁጥር ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ይህን ቀየረው፤ የፓይተን 2 ድጋፍም በ2020 መግቢያ ላይ ቆመ።

ስህተት የሰነፍ ምልክት ነው የሚለውም ከዚያው ከፈተና ክፍል የመጣ ነው። ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር ያሠራው ሞሪስ ዊልክስ፣ ከቀሪ ዕድሜው ብዙው የራሱን ፕሮግራሞች ስህተት በመፈለግ እንደሚያልፍ እ.ኤ.አ. በ1949 የሕንፃ ደረጃ ላይ ሳለ ድንገት እንደተገለጠለት ተናግሯል። እሱን ሰነፍ የሚለው ማን ነው?

መሸምደድ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም፤ የማባዛት ሰንጠረዥ ዛሬም ይጠቅመኛል።

ልጁን ሁለት የማካፈያ ምልክት (//) ደርቦ እንዲሞክር ነገርኩት። 3 መጣለት፤ ደስ አለው። ከዚያ በራሱ −7ን ለ2 በዚያው ምልክት ሞከረና −4 ሲያይ ደነገጠ። አሁንም መመሪያውን እያገላበጠ ነው።