ይድረስ ለክቡር «ዛሬ እንኳን አይመቸኝም»

ጉዳዩ፦ በቅዳሜ ማታችን ላይ ስለሚያደርሱት በደል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እርስዎም ቢሆኑ አልጎደሉም፣ በየሳምንቱ ይመጣሉ።

ያለፈው ቅዳሜም እንደ ልማድዎ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ብቅ አሉ። ጨዋታው የሚጀመረው 12 ሰዓት ላይ ነው። ዶሮው ምድጃ ላይ ነው። እንቁላሉ ተቆጥሮ ገብቷል፤ አምስት ለተጫዋቾቹ፣ አንድ ለእኔ። ስልኬ ጮኸ፦ «ሰዎች ይቅርታ፣ ዛሬ እንኳን አይመቸኝም።» አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው ተከተለ፦ «እሱ ካልመጣማ እኔም ልረፍ።» ይኸኛው ታናሽ ወንድምዎ መሰለኝ፣ መልካችሁ አንድ ነው።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ ካላወቁ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው፣ ጠረጴዛ ዙሪያ በወሬና በዳይስ ተረት የሚፈጠርበት ጨዋታ አጫዋች ነኝ። ሌሎቹ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዷ ሌባ እየሆኑ ይገባሉ፤ የቀረው ዓለም በሙሉ እኔ ነኝ። ጎብሊኑ እኔ፣ ንጉሡ እኔ፣ ጠጅ አሻሻጯ እኔ። ማን እንደሚኖር፣ ማን ገደል እንደሚገባ ደግሞ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይፈርዳል። የጨዋታው ፈጣሪዎች ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጡት የመጀመሪያው መመሪያ ላይ፣ በአንድ ካምፔይን፣ ማለትም በአንድ ተከታታይ ታሪክ፣ ከ4 እስከ 50 ተጫዋች ማስተናገድ ይቻላል ተብሎ ተጽፏል። ሃምሳ! ሰዎቹ እርስዎን አያውቁዎትም ነበር ማለት ነው።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ፣ ኦንታሪዮ፣ አንድ የታሪክ ፕሮፌሰር በ1982 የጀመረውን ጨዋታ ይኸው እስከ ዛሬ ያጫውታል። ከአርባ ዓመት በላይ፣ አንድ ታሪክ። ቅናት ኃጢአት ነው፤ ይሁን፣ ኃጢአቱን ወስጃለሁ። እኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጫውተን ጀግኖቻችን ከሚወጡት ሃያ ሌቭል (የብቃት ደረጃ) አምስተኛው ላይ ነን። ጀግኖቻችን አንድ የብረት በር ፊት ከቆሙ ሦስት ወር አለፋቸው። የሌባዋ እጅ ቁልፉ ቀዳዳ ላይ እንዳለ ነው። ዝላለች፣ ታሳዝናለች።

በሩ እንዴት እንደሚከፈት ልንገርዎ፣ መቼም ለማንም አይነግሩብኝም፤ እርስዎ ካሉ ጨዋታ የለምና። ከስምንት ወር በፊት አንዲት ባልቴት በውሃ ጉድጓድ ዳር ቀለበት ሰጠቻቸው። የባልቴቷን ድምፅ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጄዋለሁ። ያ ቀለበት ነው ቁልፉ። የረጅም ካምፔይን ጣዕሙ ይኸው ነው፤ ዛሬ የተዘራው ከወራት በኋላ ሲበቅል፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ «ኧረ ያቺ ሴትዮ!» ብሎ ሲጮኽ። መጨረሻ የተገናኘን ጊዜ «ቀለበቱስ?» ብል፣ «የቱ ቀለበት?» ተባልኩ። ሌባዋ ማስታወሻ ደብተሯን ገላለጠች። በ15 ወርቅ ሸጣዋለች። በ15 ወርቅ!

እሷን አልወቅስም። በየሳምንቱ ብንገናኝ ኖሮ ባልቴቷ ከአእምሮዋ ባልጠፋች። በአርባ ቀን አንዴ የሚገናኝ ሰው የገዛ ካራክተሩን፣ የሚሆነውን ጀግና፣ ስም እንኳ ከወረቀት ላይ ያነባል።

ፈዋሻችንማ እርስዎ ከተወዳጁት ወዲህ አልታየም። የቀረ ተጫዋች ካራክተሩ አየር ላይ አይተንምና ሰበብ ፈጠርኩለት፤ ሆዱን አሞት ከዋሻው ውጭ በቅሎ ይጠብቃል። ይኸው አራተኛ ጨዋታው። ባለመድኃኒት ሆኖ ራሱን ማዳን አቃተው፣ በቅሎዋም ሰልችቷታል።

ለቅሶ ነው ከተባልኩ አፌን እይዛለሁ፤ ለቅሶ ለቅሶ ነው። ሰርግም፣ ክርስትናም ይሁን። ግን «ፓርኪንግ የለም»? አዲስ አበባ ያለው ስድስተኛው ተጫዋቻችን በቪዲዮ ነው የሚገባው፤ በዚህ በበጋው ሰዓት የእኛ ምሽት 12 ለእሱ ከሌሊቱ 7 ነው፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ 8። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ቡናውን ይዞ፣ ቤተሰብ እንዳይቀሰቅስ በሹክሹክታ ጎራዴ ይመዛል። የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ያለው ነው እርስዎን የሚልክልኝ።

ይኸው ሰው ዕቁብ ሲሆን ግን እርስዎን አያውቅዎትም። በረዶ ጉልበት ድረስ በጣለበት እሑድ፣ እዚሁ ቤቴ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ደረሰ። ፓርኪንግም ተገኘ። (የዕጣው ባለተራ እሱ ስለነበር ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አንደኛው እኔ ነኝ።) ቢቸግረኝ ለጨዋታውም እንደ እድር መቀጫ እናድርግ አልኩ። ሁሉም በደስታ ተስማማ። ደንቡን ለማጽደቅ ስብሰባ ጠራሁ፤ እርስዎ ብቻ መጡ።

ሦስት ሰው ከተገኘ እንጫወታለን የሚል ሕግም አወጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁለት ሆነ። ዌስት ማርችስ የሚሉትንም ዘዴ አሰብኩት፦ ቋሚ ቡድን የለም፣ ቀኑን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ የመጣው ይዘምታል፣ ሲመሽ ወደ ከተማ ይመለሳል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የእኔዎቹ ቀን ይቁረጡ ማለት ለእርስዎ መኖሪያ ፈቃድ መስጠት ነው።

ስለዚህ ይቅሩ አልልም፣ አይሰሙኝም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሐሙስ ይምጡ። ሐሙስ ቢመጡ ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም። ቅዳሜ ማታ ብቻዬን አራት እንቁላል በልቼ ያደርኩት ሆዴ፣ እንደ ፈዋሻችን በቅሎ ሊያስጠብቀኝ ነበር።

ከሰላምታ ጋር
አጫዋቹ

ግልባጭ፦
ከብረቱ በር ጀርባ ለሚያዛጋው ዘንዶ
ለበቅሎዋ
ለአዲስ አበባው ወንድማችን (የዛሬውም ቀርቷል፣ ተኛ)