በርጩማ ለማሳየት ንግድ ፈቃድ?

ጣና ዳር ያለ አንድ መናፈሻ እሑድ እሑድ የእጅ ሥራቸውን ይዘው የሚሰባሰቡ ሰዎችን ሰሞኑን ከልክሏል። ንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራውን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ማሳየት አይችልም ተብሏል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደብዳቤ ጽፈን እንጠብቅ ነበር። ያናደደኝ ግን ኃላፊው ውሳኔውን ሲያስረዱ የተናገሩት ነው። "ወይ ነግዱ፣ ወይ ቤታችሁ ተቀመጡ" አሉ። ሥራን በአደባባይ ማሳየት ለኮፒ ያጋልጣል፣ በሙያው የሚተዳደረውን ሰው እንጀራ ይዘጋል ሲሉም ጨመሩ። ማሳረጊያቸው "ሙያ በልብ ነው" የሚል ነበር።

ለመሆኑ የተከለከለው ማን ነው? ሰኞ ወደ መደበኛ ሥራው የሚመለስ ሰው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ አለች። የሒሳብ መምህር አለ። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር አለ፤ ከወይራ ማንኪያ ይጠርባል። ከዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። አንዱ በርጩማ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ረከቦት፣ ሌላው ፍየል ቆዳ ላይ የሳለውን ሥዕል። ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ የለም። ሁሉም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ይገለበጣል፣ ይዳሰሳል፣ ይተቻል። ቡና ይጠጣል። ሲመሽ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። ንግዱ የቱ ጋ ነው?

ሣሩ ይቆሽሻል የሚል ቅሬታም ተነሥቷል። ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ መጥረጊያ ይዘን እንመጣለን። በዚህ አልከራከርም።

የኮፒውን ነገር ግን እንዲሁ አላልፈውም። ጣና ዳር ተቀምጦ "ኮፒ ሙያን ይገድላል" የሚል ሰው ፊት ለፊቱ ያሉትን ገዳማት አላያቸውም ማለት ነው። ሁለት እጇን አነባብራ ልጇን ያቀፈችውን፣ በእጇ መሐረብ የያዘችውን የእመቤታችንን ሥዕል የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው አለ? የዚህ አሣሣል መነሻ ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ያለ ሥዕል ነው። ቅጂው አገራችን የገባው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በነበሩበት ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። የኛ ሠዓሊዎች አዩት፣ ገለበጡት። የአንዱን ሌላው አይቶ ደግሞ ገለበጠው። ሮም ላይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተመ ባለሥዕል የዓረብኛ ወንጌልም በእጃቸው ገብቶ ነበር፤ ከሱም ወሰዱ። ታዲያ ሙያው ሞተ? እንዲያውም የጎንደር ዘመን ሥዕል የምንለው ያበበው በዚህ መሐል ነው። ዓይኑ የኛ ሰው ዓይን ሆነ። ቀለሙ ተለወጠ። ልብሱ ጥላና እጥፋት አወጣ። 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሲደረስ፣ እቴጌ ምንትዋብ እዚሁ ጣና ደሴት ላይ ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ራሳቸው እቴጌዪቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሳሉ። ይህን ሮም ሄዶ የሚያገኘው ማን ነው? መጀመሪያ የገለበጠው ሠዓሊ ሥራውን ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ቢቆልፈው ኖሮ ዛሬ ቱሪስት በጀልባ የምናመላልስበት ሀብት ከየት ይመጣ ነበር? ከተማዋ በሥዕል የምትኮራው ሰዎች አንዱ የሌላውን ስላዩ ነው። ይህንኑ ማየት መልሶ በፈቃድ ማጠር ታሪኩን አለማወቅ ነው፤ ካወቁት ደግሞ የባሰ ነው።

እንጨት ላይ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። በሥዕል ቢያንስ የተሠራው ይታያል፤ የእንጨት ሥራ ምሥጢር ግን ያለው ከሥር ነው። ክረምት ሳይገባ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እግሩ የተሰበረ ረከቦት ይዛ መጣች። "ጋሼ፣ ይቺ እግር እንቢ አለችኝ" አለች። ዕድሜያቸውን በአናጢነት የገፉ አንድ ሰው አጠገቧ ነበሩ። "እስቲ ስጪኝ የኔ ልጅ።" ያማረውን የላይኛውን ክፍል አላዩትም። ገለበጡትና ስብራቱ ላይ አውራ ጣታቸውን አስኬዱ። "እንጨት ጅማት አለው። አንቺ አግድሙን ቆርጠሽዋል። የእግር እንጨት ጅማቱ ከላይ እስከ ታች መውረድ አለበት፤ አለዚያ እንዲህ ቀጭ ይላል" አሏት። እርሳስ ተቀብለው ቁራጭ ጣውላ ላይ የትኛው አቅጣጫ እንደሚቆረጥ አሰመሩላት። ቶናው ሳይቀዳ ትምህርቱ አለቀ።

ወሬው ከዚያ ወደ ዋንዛ ዞረ። እዚህ አካባቢ እንጨት የነካ ሁሉ ዋንዛ ይወዳል፤ ለመላጊያም ለመሮም እሺ ይላል። ግን ርጥቡን ገዝቶ ወዲያው በርጩማ የሠራ ሰው ወር ሳይሞላው ስንጥቅ ይቆጥራል። ውኃው በጎን ካለው ይልቅ በሁለቱ ጫፎች ቶሎ ይወጣል። ጫፉ ቀድሞ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ጫፍና ጫፉን ሰም ወይም ቀለም መቀባት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር መደርደር፣ መታገሥ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ገደማ መጠበቅ የቆየ ልማድ ነው። ቤቱ ብቻውን የተቀመጠ ጀማሪ ይህን ከማን ይሰማል? ጣውላ ሻጩ አይነግረውም። ኃላፊው "ቤታችሁ ተቀመጡ" ያሉት ይህንን ሁሉ ነው።

"ሙያ በልብ ነው" ደግሞ ሳይሠራ ለሚያወራ ሰው የተነገረ ነው። ሠርቶ፣ ተሸክሞ፣ "እዩልኝ፣ ጉድለቱን ንገሩኝ" ብሎ የመጣን ሰው በዚህ ተረት ማባረር በተረቱም ላይ ግፍ ነው።

የባለሙያው እንጀራ ይዘጋል የተባለውንም አልቀበልም። የአናጢውን ገበያ ያጠበበው ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላና የፕላስቲክ ወንበር ነው። አንድ በርጩማ በእጁ ሊሠራ የሞከረ ሰው የአናጢን ዋጋ አይከራከርም፤ ልፋቱን ያውቀዋላ! ረከቦት ያስተካከሉት ሰውዬ ራሳቸው በሙያው የሚተዳደሩ ናቸው። እንጀራዬ ተዘጋ ሲሉ የሰማ የለም። ኃላፊውስ እሳቸውን ጠይቀዋል?

እዚህ አገር በእጁ የሚሠራን ሰው ማራቅ የቆየ በሽታ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። ብረት የሚሠራውንም የሚሸምነውንም የሚያንቋሽሽ አገር ለውጭ ዕቃ ለማኝ ሆኖ እንደሚቀር ገብቷቸው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀርቶ ይሆናል። በቦታው ግን "ገንዘብ ካላመጣህ ሥራህ ሥራ አይደለም" የሚል አመለካከት ተተክቷል። እኔ ልዩነቱ አይታየኝም።

ጣና ላይ ደግሞ የምናጣው ነገር ቅርባችን ነው። የደንገል ታንኳን ሥራ ለዘመናት ይዘው ያቆዩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በመጽሐፍ አልተማሩትም፤ አባት ሲያስር ልጅ እያየ ነው። ዛሬ ደንገሉ ከዳርቻው እየሳሳ ነው። በዚያ ላይ እምቦጩ አለ። እሑድ ከሚመጡት ወጣቶች አንዱ ክንድ የማይሞላ ታንኳ ማሠር የተማረው እዚያው ሣሩ ላይ፣ ከአንድ አዛውንት እጅ ነው። ደንገሉ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ አፍንጫው እንዴት ተስቦ ወደ ላይ እንደሚነሣ በእጃቸው እየያዙ አሳዩት። ሲሸጡለት አይደለም። አዛውንቱ ለዚህ ንግድ ፈቃድ ያውጡ? በምን ዘርፍ?

ስለዚህ ውሳኔው ይነሣ። የሚሸጥ ሰው ካለ ከሱ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ሕጉም ይኼው ነው፣ ማንም አይቃወምም። ለማይሸጠው እሑድ ከሰዓት የዛፉ ጥላ ይለቀቅለት። መናፈሻው ሰዓት ሊወስን ይችላል፣ የሚቀመጡበትን ቦታ ሊያመለክት ይችላል፣ ሳይጠርግ የሄደውን ሊቀጣ ይችላል። ከዚህ ያለፈ ምክንያት ካላቸው ኃላፊው በጽሑፍ ይስጡን፤ እኛም በጽሑፍ እንመልሳለን።