ወደ ኋላ መቁጠር የረሳን ሰዎች

የባሕር ዳር ነዋሪዎች፣ በተለይም በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ ኃላፊነት የተሸከማችሁ ወገኖቼ፤ ከዚህ በታች በምወቅሰው ጥፋት ውስጥ የእኔም እጅ እንዳለበት አስቀድሜ ልናገር።

ለሠርግ ጠላ የምትጠነስስ እናት ሥራዋን የምትጀምረው ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ ቆጥራ ነው። ጌሾው መቼ እንደሚወቀጥ፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚያድር፣ ድፍድፉ መቼ ውሃ እንደሚሞላበት ታውቃለች፤ ድንኳኑ ከእድር አንድ ቀን ዘግይቶ ቢመጣ ድግሱ እንደማይበላሽ፣ ጥንስሱ ከዘገየ ግን እንግዳው ፊት ጉሽ እንደሚቀርብም ታውቃለች። የሥራን ማብቂያ ቀን የሚወስኑትን ተግባራት ከሌሎቹ የሚለየውን ስሌት ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለሙያዎች ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1957 በቀመር አስቀመጡት፤ ዛሬ የፕሮጀክት አስተዳደር ተማሪ ሁሉ ይማረዋል። እኛ ግን ከእናቶቻችን ያየነውን ጥበብ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጥለነው እንገባለን።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናብ ነው። ግንባታ ያለው መሥሪያ ቤት ዲዛይኑንና ጨረታውን በክረምቱ ጨርሶ ጥቅምት ላይ መሠረት ማስቆፈር ሲገባው፣ ጨረታውን ጥር ላይ እናወጣለን፣ ውሉን ግንቦት ላይ እንፈርማለን፣ ሰኔ ሲገባ «በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን» እያልን እንሯሯጣለን። (በሰኔ ስንት ጠረጴዛ እንደሚገዛ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይንገራችሁ።) በዚህ ላይ የበላይ ኃላፊ ለጉብኝት መጥቶ «አንድ ፎቅ ይጨመርበት» ሲል፣ ገንዘቡና ቀኑ እንዳሉ ሆነው ሥራው ብቻ እንዴት ያድጋል ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም፤ እናጨበጭባለን።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ነበር። ቀለሙ ተቀብቶ፣ መስታወቱ ገብቶ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው ትራንስፎርመር እንዳልተጠየቀለት የታወቀው። የማን ሥራ እንደነበር ሲጣራ መሐንዲሱ ወደ ግዢ ክፍል፣ ግዢ ክፍሉ ወደ ፋይናንስ፣ ፋይናንሱ ተመልሶ ወደ መሐንዲሱ ጠቆመ። «የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ» የሚል የሹመት ደብዳቤ የተጻፈለት አንድ ወጣት ነበር፤ ክፍያ ማስቆምም ሆነ የሥራ ቅደም ተከተል ማስለወጥ ግን አይችልም፣ ያስተዳደረው ነገር ቢኖር የሪፖርት ቅጹን ነው። ሁለት ጊዜ ስለ መብራቱ አንሥቶ «እሱ ይደርሳል» ተብሎ ሲታለፍ ቃለ ጉባኤው ላይ ከፈረምነው አንዱ እኔ ነኝ። ቁልፉ ለ11 ወራት በጥበቃው ኪስ ከረመ፤ በረንዳው ላይ እርግብ ጎጆ ሠራ።

ጣናንስ ምን አደረግነው? እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ ከታወቀ ወዲህ ስንት ጊዜ ዘምተናል! እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ አረሙን በእጁ የነቀለውን ገበሬ ልፋት የማቃለል ድፍረት የለኝም። ነገር ግን ይህ አረም በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ ቅዳሜ ከበሮ ማሸነፍ አይቻልም። የተነቀለው የት እንደሚደርቅ፣ ማን እንደሚያጓጉዘው፣ ሐይቁ በመስከረም ሲሞላ ዳር የተከመረውን መልሶ እንዳይወስድ ማን እንደሚከታተል፣ የማሽኑ ነዳጅና መለዋወጫ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ፣ በዓመቱ ተመልሶ የበቀለውን ማን እንደሚለቅም ሰው ከመጠራቱ በፊት ተጽፎ መቀመጥ ነበረበት። ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚያስር የሐይቁ ዳር ሰው ደንገሉ ሳይደርቅ ገመድ አያነሣም፤ ለምን ብትሉት ውሃው ላይ ቆማችሁ ታዩታላችሁ ይላችኋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሥራ አስኪያጅ ስትሾሙ ሥልጣኑንም አብራችሁ ስጡት፤ «ይህ ሳይሟላ ክፍያ አይፈጸም» ሲል አለቃው ጋ ሄዳችሁ አታስሽሩት። ቃለ ጉባኤ ሲቀርብላችሁም ከመፈረማችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ተግባር ትይዩ አንድ ቀንና የአንድ ሰው ስም መጻፉን ተመልከቱ፤ «ኮሚቴው» የሚል ካያችሁ መልሱት። ትራንስፎርመሩ ተጠይቋል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ «እሱ ይደርሳል» ካሏችሁ ደብዳቤው በስንት ቁጥር፣ በምን ቀን ወጪ እንደሆነ ያሳዩአችሁ።